እስኪለዝብ

ልጅ ሳለሁ እቤታችን የሚገባው ቀይ ወይን ሁለት ዓይነት ነበር፤ አክሱሚት ለእንግዳ፣ ጉደር ለአባቴ። አክሱሚቱ ጣፋጭ ስለሆነ በበዓል ቀን በመለኪያ ለእኛም ይደርሰን ነበር። ጉደሩን የቀመስኩት ግን ተደብቄ ነው። ፊቴ ሲጨማደድ አባቴ አየኝና ሳይቆጣ፣ "ብርዝ ለልጅ፣ ደረቁ ለአዋቂ ነው። ጊዜህ ሲደርስ ትወደዋለህ" አለኝ። ስለ ጠጅ የሚለውን ነው ለወይን ያዋለው።

ጊዜዬ የደረሰው ፓሪስ ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ። ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን በማጠብ ጀምሬ፣ ቆይቶ ከምድር ቤት ወይን የማውጣት ሥራ ተሰጠኝ። የወይኑ ኃላፊ ሸምገል ያሉ፣ ጣታቸው በቡሽ መክፈቻ ብዛት የደነደነ ሰው ነበሩ። በአገሬ አጠራር "ሙሴ" እላቸዋለሁ፤ ስማቸው እስኪመስል ድረስ ለምደውት ነበር።

አንድ ማታ እንግዶች ሲሄዱ ጠርሙስ ሥር አንድ ጉንጭ ወይን ተርፎ አገኙ። "ና፣ ቅመስ" አሉኝ። የቦርዶ ወይን ነበር፤ ሊንሽ-ባዥ፣ ከፖያክ፣ የ1989 ምርት። ዋጋው የሳምንት ደመወዜን ያህላል። ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ ባነሳውም ብርሃን አያሳልፍም፤ ቀለም ነው የሚመስለው። ሳሸተው ተማሪ ቤት ገባሁ፤ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው እንጨት! ከሥሩ የጥድ፣ የጥቁር ፍሬ፣ የቆዳ ሽታ አለው። ስጎነጨው ደግሞ ያልበሰለ ሙዝ እንደበላ ሰው ድዴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ያ አያያዙ ነው የማረከኝ። እንደ ጉደሩ ፊቴን አላጨማደድኩም።

"የያዘህ ታኒን ነው" አሉኝ ሙሴ። ከፍሬው ልጣጭ፣ ከዘሩ፣ ከኦክ በርሜሉም ይመጣል። የምራቅን ልስላሴ ስለሚወስድ አፍ ይደርቃል፤ ለዚህም ነው ቅባት ካለው ሥጋ ጋር የሚስማማው። ወይኑን ለረጅም ዕድሜ ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱም እሱ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ብርጭቆዬን ቁልቁል እያዩ ነበር፤ ሳልጨርሰው ሊያነሱት የፈለጉ አይመስሉም ነበር።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ከቦርዶ ሌላ ወይን ያለ አልመሰለኝም። በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲባል፣ በሦስተኛው ናፖሊዮን ፍላጎት፣ የቦርዶ ደላሎች በዋጋ እየመዘኑ ያወጡትን የአምስት ደረጃ ዝርዝር እንደ ዳዊት ሸመደድኩት። ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማደጉን እንደ ዘመድ ሹመት ለሰው አወራ ነበር። ዘመኑም የብርቱ ወይን ዘመን ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ፓርከር ከመቶ ይሰጥ በነበረው ነጥብ ስሙ የገነነው የ1982ቱን ቦርዶ ካወደሰ በኋላ ነው፤ ገበያውም የጠቆረና የደለበ ወይን ይወድ ነበር። እኔም እወድ ነበር። ጉርሻ አጠራቅሜ አንድ የ1996 ፖያክ ገዛሁ፤ ሙሴም ከምድር ቤታቸው ጥግ ላይ እንዳስቀምጠው ፈቀዱልኝ።

በዚያው ሰሞን ሻምቦል-ሙዚኚ ቀዱልኝ። የቡርጎኝ ወይን ነው፤ ፒኖ ኑዋር ከሚባል ልጣጩ ስስ ከሆነ ፍሬ ይጠመቃል። ቀለሙ ሳሳ ያለ በመሆኑ በብርጭቆው ማዶ ጣቴ ይታየኛል። ዋጋው ከፖያኩ እንደሚበልጥ ስሰማ ውሃ የገባበት ወይን በወርቅ ዋጋ የሚሸጥ መሰለኝና ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ሙሴ አልተቀየሙኝም። "ግድ የለም፣ አትቸኩል" ብለው ብርጭቆውን ራሳቸው ጨረሱት። የአባቴ ድምፅ ነበር የሚመስለው።

የተለወጥኩበትን ቀን ለይቼ አላውቀውም። አንድ መኸር ግን ከጓደኛዬ ጋር ቡርጎኝ ሄድኩ። ክሎ ደ ቩጆን በድንጋይ አጥሩ ዙሪያ በእግሬ ዞርኩት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሲቶ ገዳም መነኮሳት ያለሙት መሬት ነው፤ 50 ሄክታር ገደማ፣ ከአንድ ጋሻ ብዙም የማይበልጥ። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ከገዳሙ ተወስዶ ተሸጠ፤ በውርስና በሽያጭም እየተከፋፈለ ዛሬ 80 ገደማ ባለቤቶች ይዘውታል። እንደ እኛ አገር ርስት አንዱ አራት ረድፍ፣ ሌላው አሥር ረድፍ ይደርሰዋል። ይህን ካየሁ በኋላ የቡርጎኝ ዋጋ አልገረመኝም፤ ሮማኔ-ኮንቲ የሚባለው እርሻማ በጠቅላላ 1.8 ሄክታር ነው። እሱን ቀምሼ አላውቅም።

ማታውን ቮልኔ፣ አንድ ገበሬ ቤት ገባን። ምድር ቤቱ ይበርዳል። ሰውየው በመስታወት ቱቦ ከበርሜሉ ስቦ ቀዳልን። ጽጌረዳ፣ እንጆሪ፣ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። አፌ ውስጥ ምንም አልያዘኝም። ደረጃውን ወጥተን፣ በሩን ዘግተን፣ መኪናው ዘንድ ስንደርስ ግን ጣዕሙ አሁንም አብሮኝ ነበር። ጓደኛዬ ሲያናግረኝ እንኳ አፌን መክፈት አልፈለግኩም። ለካ አሥር ዓመት ሙሉ የወይንን ጉልበት ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ ሄዶ የማይሄደውን ነገር ገና መፈለጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ሲተርፈኝ ወደ ቡርጎኝ ያደላል፤ ዋጋው እየናረ ስለሄደ አሁን የምገዛው ከመንደሮቹ ተራ ማሳ የሚመጣውን ነው፤ እሱም ደስ ያሰኘኛል።

ፖያኩ እንደተቀመጠ ቀረ። ሙሴ ጡረታ ሲወጡ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። በ2019 አዲስ አበባ ይዤው ሄድኩ። አባቴ ጠረጴዛ ላይ ከጉደሩ ጎን የዝዋይ ወይን ቆሞ አገኘሁ። የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን ተክሎ ከ2014 ጀምሮ ለገበያ ያቀርበው የነበረ ነው። እኔ ባሕር ማዶ የሄድኩለት ፍሬ ለእርሱ ደጁ ድረስ መጥቶለታል፤ በዚህ ልቤ ተነካ።

መንገድ ያናወጠው አተላ እንዲረጋ ጠርሙሱን ሁለት ሳምንት አቆምኩት። በፋሲካ ማግስት ጧፍ አብርቼ፣ አንገቱን ከብርሃኑ በላይ ይዤ ቀስ ብዬ ቀዳሁ። ያ ቀለም የሚመስለው ጥቁረት ወደ ሸክላ ቀይ ዞሯል። የእርሳሱ ሽታ አለ፤ ድድ የሚይዘው ግን የለም። በዕድሜ ብዛት ታኒኑ እርስ በርሱ እየተያያዘ ሥር ወርዷል። በወጣትነቴ ቢቀዳልኝ ደክሟል እል ነበር።

አባቴ እንደ ብርሌ በሦስት ጣቱ ይዞ ፉት አለ፤ ደግሞ ፉት አለ፤ ዝም አለ።

"ለዝቧል" አለኝ።

ብርጭቆውን መልሶ ዘረጋልኝ። እየቀዳሁለት ሳለ አተላው በጧፉ ብርሃን እንደ ቀጭን ጭስ ወደ ጠርሙሱ አንገት ሲመጣ አየሁ፤ እጄን ቀና አደረግኩ።