ከ10 የሚያዝ ምላስ

የባዮሎጂ አሳይመንት ሲባል እኛ ጋ ባብዛኛው የእጅ ጽሑፍ ውድድር ነበር። የሴል ዲያግራም በእርሳስ፣ ስሞቹ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ ጠርዙ በማስመሪያ። ሴል በዓይኑ ያየ ግን የለም። ላቦራቶሪው ውስጥ ማይክሮስኮፖች ነበሩ፣ ፕላስቲክ እንደለበሱ በመስኮት አጮልቀን አይተናቸዋል፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ዓመቱን ሙሉ አልታወቀም። ስለዚህ ማይቶኮንድሪያን ከመጽሐፍ እንገለብጣለን። የቡድን ሥራ ከሆነ አንዱ ይስላል፣ አንዱ ከቨር ፔጅ ያሳምራል፣ የቀሩት «ስሜን አስገባልኝ» ይላሉ። ከ10 ዘጠኝ የማይገኝበት አሳይመንት አልነበረም።

አንዱ ብቻ ከመጽሐፍ የሚገለበጥ አልሆነም። 2005 ዓ.ም.፣ 10ኛ ክፍል፣ ደብረ ብርሃን። ስለ ዘር ውርስ እየተማርን ነው፤ ሜንዴል፣ አተሩ፣ ዶሚናንት፣ ሪሴሲቭ። ቲቸር ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሠራና ምላስን እንደ ቱቦ መጠቅለል መቻል ዶሚናንት ነው አለን። ችሎታው ከአንዱ ወላጅ ከመጣ ልጁ ይችላል። ሁለቱም ወላጆች የማይችሉ ከሆነ ግን የሚችል ልጅ ሊወልዱ አይችሉም። የአባታችሁን፣ የእናታችሁን፣ የራሳችሁን ሞልታችሁ አምጡ፤ ከ10 ይያዛል።

ይህን ሥራ የፈጠረ ሰው ሐበሻ ቤት ያደገ አይመስለኝም። አባትህ ፊት ቆመህ «እስቲ ምላስህን አውጣልኝ» ትላለህ?

እኔ አልኩ። አባቴ አናጺ ነው፤ ከሥራ ገብቶ እግሩን እየታጠበ ነበር። ዝም ብሎ አየኝ። «ትምህርት ቤት ነው ያዘዘን፣ አባዬ» ስለው «ትምህርት ቤት የላክሁህ ምላሴን እንድታይ ነው?» አለ። እናቴ ጓዳ ሆና በሳቅ ሞተች። ከብዙ ልመና በኋላ በነጠላዋ ግማሽ ፊቷን ሸፍና ሞከረች፤ እምቢ አለ። አባቴም በሩ መዘጋቱን አረጋግጦ ሞከረ። እሱም አልቻለም። ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ አስሞከርኳቸው። የእኔ ምላስ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ቧንቧ ይጠቀለላል።

አባት፣ አይችልም። እናት፣ አትችልም። እኔ፣ እችላለሁ። ወረቀቱ በሁለተኛው ቀን ተመለሰ፤ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ፣ ከሥሩ «ኢምፖሲብል»፣ ከ10 አራት። ቲቸር ክፉ ሰው አልነበረም፤ በደንብ አላየህም ማለቱ ነው። ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ ግን ወረቀቱን አይቶ «አባትህን ሳይሆን እናትህን ነበር መጠየቅ ያለብህ» አለ። በዙሪያው ያለ ሁሉ ሳቀ።

ለእነሱ ቀልዱ እዚያው አለቀ። እኔ ጋ ሳምንታት ቆየ። 15 ዓመቴ ነው፤ መጽሐፍም ሊሳሳት ይችላል የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገና አልገባም። ጠዋት መስታወት ፊት አፍንጫዬን እመረምራለሁ። ማታ አባቴ ሲታጠብ የእግር ጣቶቹን አያለሁ፤ ሁለተኛው ከአውራው ይረዝማል፣ የእኔም እንደዚያው ነው። እፎይ ብዬ እተኛለሁ። በማግስቱ ደግሞ የአክስቴ ባልም ጣቱ እንደዚያ መሆኑን አያለሁ። ለማን ይነገራል? እናቴ ፊት ቆሜ «ቲቸር እንዲህ አለ» ብል ቤቱ ውስጥ የሚገባውን ነገር አስቡት። በዚያ ሰሞን አባቴ ሲጠራኝ ትንሽ ዘግይቼ «አቤት» እል ነበር። ይህን ልብ እንዳላለው ተስፋ አደርጋለሁ።

መልሱን ያገኘሁት ኢንጂነሪንግ ስማር ነው፣ የግቢው ዋይፋይ በሚፈጥንበት ሌሊት። ምላስ መጠቅለልን በ1940 እ.ኤ.አ. በውርስ የሚመጣ ነው ብሎ የጻፈው አልፍሬድ ስተርተቫንት የሚባል አሜሪካዊ ነው። ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ገና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ የፍራፍሬ ዝንብ ጂኖች ክሮሞሶም ላይ እንዴት እንደተደረደሩ በአንድ ሌሊት ያሰላ ሰው ነው። የዓለም የመጀመሪያው የጂን ካርታ እሱ ነው። ያን ሌሊት የቤት ሥራውን ትቶ እንደነበር ራሱ ጽፏል። (እዚህ ጋ ስደርስ ወደድኩት።)

በ1952 ግን ፊሊፕ ማትሎክ የሚባል ተመራማሪ 33 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን አየ፤ ከአንድ እንቁላል የተገኙ፣ ጂናቸው አንድ የሆነ። በሰባቱ ጥንዶች አንዱ ምላሱን ሲጠቅልል ሌላው አይችልም። አንድ ጂን ብቻውን የሚወስነው ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር። ስተርተቫንትም በ1965 ባሳተመው የጄኔቲክስ ታሪክ መጽሐፉ፣ ነገሩ አሁንም እንደ ተረጋገጠ ውርስ በየመጽሐፉ መጠቀሱ እንደሚያሳፍረው ጻፈ። በ1965! አባቴ ገና አልተወለደም። ደብረ ብርሃን ላይ የእኔን ወረቀት ኤክስ ያደረገው ሕግ፣ ባለቤቱ ከካደው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ክፍላችን ከ60 በላይ ተማሪ ነበረው፤ እስከማውቀው «ኢምፖሲብል» የተባልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ስድሳ ቤተሰብ ሳይዛነፍ ሕግ አከበረ? አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «አባቴን ምላስህን አውጣ ልበለው እንዴ? ዝም ብዬ ሞላሁት» አለኝ። አሁን በምሠራበት ቦታ ቴስት ሲወድቅ፣ የተሳሳተው ኮዱ ነው ወይስ ቴስቱ ብለን እንከራከራለን፤ አንዳንዴ ግማሽ ቀን። እዚያ ክፍል መልሱ ቀድሞ የታወቀ ነው፣ መረጃው በመልሱ ልክ ይሰፋል። ቲቸርን አልፈርድበትም፤ በየክፍሉ ስድሳ ስድሳ ወረቀት የሚያርም ሰው ነው። የማስበው ጥርጣሬ ቀድሞም ያለበትን ቤት ነው። እዚያ ቤት የሚገባ ልጅ ያቺን ቀይ ኤክስ በደብተሩ ይዞ ሲገባ ምን ይሆናል?

ታናሽ እህቴ አሁን ሃይስኩል ናት። ባለፈው ዓመት ደወለችና «ምላስ የሚያስጠቀልል አሳይመንት ሰጡን፣ ምን ልሙላ?» አለችኝ። ያየሽውን ጻፊ አልኳት። ስለ ማትሎክ መንትዮች ግማሽ ገጽ ጽፌ በቴሌግራም ላክሁላት፣ ከኋላ እንድታያይዘው። ከስልኩ ወዲያ አባቴ «ደግሞ መጣችሁብኝ?» ሲል ይሰማኛል።

ከ10 ስምንት አመጣች። ሁለቱ የተቀነሰባት ከቨር ፔጅ ስላልሠራች ነው።