ዋስትናው ሊያበቃ ሲል

የምኖረው በወልቂጤ ነው፤ ሥራዬም መምህርነት ነው። አምና የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰኝ በ48,000 ብር አንድ ላፕቶፕ ገዛሁ። ዋስትናው የአንድ ዓመት ነበርና፣ ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ሻጩ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «ዋስትናዎ ሊያበቃ 20 ቀን ቀርቶታል፤ 6,000 ብር ቢከፍሉ ለአንድ ዓመት እናራዝምልዎታለን» አለኝ። ጥቂት ቀን እንዲታገሠኝ ለመንሁት።

ስድስት ሺህ ብር ለመምህር ቀላል ገንዘብ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ላፕቶፑ ድንገት ቢበላሽ ሌላ ለመግዛት ዳግመኛ የዕቁብ ዕጣ መጠበቅ ሊኖርብኝ ነው። በዚያው ምሽት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። ማዘርቦርድ ማስጠገን 12,000 ብር ያህል እንደሚፈጅ ከአንድ ጠጋኝ ሰምቼ ነበር። 6,000 የ12,000 ግማሽ ነው። እንግዲህ የሒሳብ ተማሪ እንደሚረዳው፣ ክፍያው የሚያዋጣኝ ላፕቶፑ የመበላሸቱ ዕድል ካለመበላሸቱ ዕድል የበለጠ እንደ ሆነ ነው። ጨርሶ ከጥቅም ውጭ የሚሆን ከሆነ ግን ኪሳራው 48,000 ብር ስለ ሆነ፣ ዕድሉ ከስምንት አንድ እጅ ቢበልጥ እንኳ መክፈሉ ይሻላል። የፋብሪካ ጉድለት ያለበት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ጉድለቱን የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ የእኔው ዓመቱን ያለ እንከን ጨርሷል።

ከዚያም የዋስትናውን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብሁት። ለካስ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላነበብሁትም ኖሯል! ወድቆ ቢሰበር፣ ውኃ ቢፈስበት፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍ ዝቅ ብሎ ቢያቃጥለው ዋስትናው አይሸፍንም። ባትሪም በአገልግሎት ብዛት የሚደክም ነገር ነውና ከዋስትናው ውጭ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር መብራት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ ለምኖረው ለእኔ፣ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ያልተሸፈነው ነበር። ጥገናውም የሚደረገው በአዲስ አበባ ብቻ ነው፤ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ማደር፣ ከሥራም መቅረት አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ደንግጓል፤ ማራዘሚያው ግን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በዋጋ የሚሸጥልኝ ነገር ነው። የሸቀጥን መልካም ጎን ሻጭ ይናገራል፤ ጉድለቱን መፈለግ የገዢ ፋንታ ነው።

ቁርጡን ሳላውቅ እናቴን ልጠይቅ ቡታጅራ ሄድሁ። የጉራጌ ተራሮች ከመካከል ገብተው ወልቂጤን በምዕራብ፣ ቡታጅራን በምሥራቅ አድርገው ይለያዩአቸዋል። እናቴ ቅቤና ቆጮ በመሸጥ ያሳደገችን ሴት ናት፤ ዛሬም የሰፈሩ ዕቁብ ዳኛ ናት። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝና፣

«ልጄ፣ ዕቃው ቢሞት ይጠግኑታል፣ አለዚያም ይተኩታል አልኸኝ። የአባትህ ድምፅስ?» አለችኝ።

አባቴ ያረፉት በጥር ወር ነው። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በልጅነታቸው ከአገር ወጥተው አዲስ አበባ በሊስትሮነት የጀመሩትን ኑሮ በጉራጊኛ ሲተርኩ በስልኬ ቀርጫቸው ነበር። ትረካው ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። መካከል ላይ ይሥቃሉ፤ ሳል ያቋርጣቸዋል፤ እናቴም ከጓዳ ሆና የተሳሳቱትን የሰው ስም ታርማቸዋለች። ስልኩ ከጠፋብኝ ቆይቷል፤ ትረካው የቀረው በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር።

ወልቂጤ ተመልሼ ወረቀቱን እንደገና ገለጥሁት። «በውስጡ ለተቀመጠ ማንኛውም መረጃ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል መስመር አለ። በመጀመሪያው ንባብ ዓይኔ አልፎት ሄዷል።

በማግሥቱ ለሻጩ ደውዬ እንደማላራዝም ነገርሁት። ከዚያው ገንዘብ በ4,000 ብር ሃርድ ዲስክ ገዝቼ ትረካውንና የፈተና ወረቀቶቼን ሁሉ ገለበጥሁ፤ የቀረውን 2,000 ብር ለጥገና ይሆናል ብዬ አስቀመጥሁት። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ወዳጄ ግን የእርሱን አራዝሟል። እርሱ ላፕቶፑ ለአንድ ሳምንት ቢቆም እንጀራው ይቋረጣል፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም እከፍል ነበር። የእኔ ውሳኔ ትክክል ስለ መሆኑም እርግጠኛ አይደለሁም። ማታ ማታ ላፕቶፑ ለመነሣት በዘገየ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

በነሐሴ ሃርድ ዲስኩን ቡታጅራ ወሰድሁት። እናቴ በመዳፏ ይዛ አገላበጠችውና፣ «እዚህ ውስጥ ናቸው?» አለችኝ። ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ከፈትሁላት። ከጓዳ ሆና ያረመችበት ስፍራ ሲደርስ፣ «አየህ፣ አሁንም የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው» አለች። ሲያበቃም ከዕቁቡ መዝገብ ጋር በሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣ ቆለፈችበት።