የአባባ ስሌት በጭላሎ ግርጌ

የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ዳቦ የሚበቅለው ሱቅ ውስጥ ይመስለዋል። ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ስንዴው የሚዘራበትን አገር ላሳየው ብዬ ይዤው ወደ አሰላ ሄድኩ። መኪናችን ከአዳማ ተነሥቶ ዴራን፣ ኢተያንና ቁሉምሳን እያለፈ ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ ቀረ፤ ልጄም ሹራቡን ጠየቀ። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጭላሎ ደመና ተከናንቧል።

ያረፍነው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእናቴ ታላቅ ወንድም ቤት ነው። ልጄ «አባባ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። በቅቤ የታሸውን ጩኮ በልተን ሳንጨርስ የማዳበሪያ ወሬ ተነሣ።

«ድጎማ አለ ይባል የለም እንዴ?» አልኳቸው።

እውነትም አለ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲያሻቅብ መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ደጉሟል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ድጎማው ቀጥሏል። ነገር ግን እንደ አውሮፓ ገበሬ በባንክ ደብተር የሚገባ ገንዘብ አይደለም፤ ከማዳበሪያው ዋጋ ላይ የሚቀነስ ነው።

«መቀነሱስ ይቀነሳል» አሉ አባባ። «የቀረውን ግን ከኪስ ማውጣት አለ። አራት ኩንታል የገዛ የአራት ድጎማ ያገኛል፤ ሁለት የገዛ የሁለት። ያልገዛ ምንም።»

ከዚያ የአባታቸውን ነገር አነሡ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ካዱ» የሚለው፣ እዚህ ተቋቋመ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር አመጣ፤ ምርቱም ጨመረ። እርሻው ትርፍ ሲያመጣ ግን ብዙ ባለርስቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኞቻቸውን አስነሡ። የአባባ አባትም አንዱ ነበሩ። መሬት ያገኙት ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ነው።

«ማዳበሪያው መጣ፣ እኛ ተነሣን» አሉ አባባ። «እርዳታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው በሩ ሰፊ ለሆነው ነው።»

በማግስቱ ማሳቸውን ዞርን፤ አንድ ሄክታር ናት። በቂ ማዳበሪያ ለመግዛት ጊደሯ መሸጥ አለባት። ጊደሯ ግን ለልጅ ልጃቸው የኮሌጅ ወጪ የተያዘች ናት። ገንዘብ ልሰጣቸው ብል «ዘንድሮ ትሰጪኛለሽ፤ ለከርሞስ?» ብለው እምቢ አሉ። ጊደሯ እንድትቀር ወሰኑ። ከማሳው ግማሹን በማዳበሪያ ስንዴ ሊዘሩ፣ በቀረው ባቄላ ሊያደርጉ ነው። ባቄላ መሬቱን ስለሚያለማ ከርሞ ስንዴው እዚያ ላይ ይዘራል።

«ስንዴው ቢያንስም ልጅቷ ትማራለች» አሉ።

ልጄ ጊደሯን እየዳሰሰ «ስሟ ማነው?» ሲላቸው ሳቁና «ኮሌጅ» አሉት።

ስንመለስ ከአዳማ ዳቦ ገዛሁለት። ግማሹን በልቶ የቀረውን በፌስታል ጠቀለለው። «ለምን አትጨርሰውም?» ስለው «የአባባ ቢሆንስ?» አለኝ።