ያላቻ ጋብቻ በሆሊዉድ

ቶም ሃንክስ የሜግ ራያንን ሱቅ ያስዘጋባትና መጨረሻ ላይ ይስማታል። በ1998 የወጣው «ዩቭ ጎት ሜይል» ባጭሩ ሲነገር ይኸው ነው። (የፊልሞቹን ዓመት የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) እሱ ግዙፍ የመጻሕፍት መደብሮች ያሉት ቤተሰብ ወራሽ ነው። እሷ ደግሞ ማንሃተን ውስጥ ከእናቷ የወረሰቻትን ትንሽ የልጆች መጻሕፍት ሱቅ ይዛ የምትኖር ሴት ናት። ስማቸውን ሳይነጋገሩ በኢሜይል ይጻጻፋሉ፤ በአካል ሲገናኙ ዓይንህን ላፈር፣ ዓይንሽን ላፈር ይባባላሉ። የሚጻጻፋት ሴት ማን እንደሆነች እሱ ከፊልሙ አጋማሽ ጀምሮ ያውቃል። እሷ ግን ሱቋን ዘግታ፣ ባዶውን መደርደሪያ ተሰናብታ ከወጣች በኋላም አታውቅም። በመጨረሻ መናፈሻ ውስጥ ውሻውን አስቀድሞ ብቅ ሲል ታለቅሳለች። የደስታ ለቅሶ ነው።

ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ምን አስዋሸኝ። ሁለት ሰዎችን እያጨቃጨቁ ማዋደድ እንደ ዳይሬክተሯ ኖራ ኤፍሮን የተሳካለት ጥቂት ነው። የሱቁ ነገር ግን ይከነክነኛል። ፊልሙ የአንድ ኩባንያን ጉልበት እንደ አንድ ሰው የጸባይ ጉድለት ነው የሚያየው፦ ሰውየው ትንሽ ትዕቢተኛ ነበር፣ እያደር ለሰለሰ፣ ስትታመም አበባ ይዞ ሊጠይቃት መጣ፣ አለቀ። ትልቁ መደብር እዚያው ቆሟል፤ እሷ ናት ሥራ የሌላት።

ይበልጥ የሚገርመው የታሪኩ አመጣጥ ነው። ሚክሎሽ ላስሎ ከተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ ተውኔት ተወስዶ ኤርንስት ሉቢች በ1940 «ዘ ሾፕ አራውንድ ዘ ኮርነር» በሚል ርዕስ ፊልም አድርጎታል፤ የሜግ ራያን ሱቅም ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። በሉቢች ፊልም ጄምስ ስቱዋርትና ማርጋሬት ሳላቫን ቡዳፔስት ውስጥ በአንድ ሱቅ የተቀጠሩ ሻጮች ናቸው። አለቃቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የወር ደመወዝ ጠባቂዎች፣ ሁለቱም ከሥራ መባረርን የሚፈሩ ናቸው። እንዲያውም እሱ መሃል ላይ ይባረራል። የሚያጣላቸው ጸባይ ብቻ ስለሆነ ፍቅር ቢያስታርቃቸው ያምርበታል። ከ58 ዓመት በኋላ የመጣው ፊልም ግን አንዱን ባለ ካፒታል፣ ሌላዋን ከሳሪ አደረገና መታረቂያውን እንደ ድሮው በመሳም ተወው።

ሮማንቲክ ኮሜዲ ያለ ያላቻ ጥንድ አይቆምም፤ ይህ ይገባኛል። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» የሚለውን አባባላችንን ሆሊዉድ ቢቀበለው ኖሮ ዘርፉን ገና ድሮ ይዘጋው ነበር። ከመጀመሪያው የተስማሙ ሁለት ሰዎች ለአንድ ሰዓት ተኩል ምን ሊያሳዩን ነው? ስለዚህ ሁለቱ አለመመጣጠናቸው ቅር አይለኝም። እንዲህ ዓይነት ፊልም ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የለያያቸው ነገር ምንድን ነው? ሲገናኙስ ማን ነው ቤቱን፣ ሥራውን ወይም ሃይማኖቱን ትቶ ወደ ሌላው የሄደው?

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ አቻው ሰው አንድ ነገር ልበል። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የሚመጥን ሰው ሁሌም አለ፤ ሁሌም ይባረራል። በ1993ቱ «ስሊፕለስ ኢን ሲያትል» ሜግ ራያን ዋልተር የሚባል ደግና ጨዋ እጮኛ አላት። የዋልተር ጥፋት አለርጂው ነው። ያስነጥሳል። እሱን ትታ ሚስቱ የሞተችበትንና በሬዲዮ ድምፁን ብቻ የሰማችውን ሰው ፍለጋ ትሄዳለች፤ ምስኪኑ ዋልተርም መርቆ ይሸኛታል። ከዚያ በፊት፣ በ1937ቱ «ዘ አውፉል ትሩዝ»ም ሆነ በ1940ው «ሂዝ ገርል ፍራይዴይ»፣ ይህ ዕጣ የራልፍ ቤላሚ ነበር፤ በሁለቱም ፊልሞች ሴቷን ለኬሪ ግራንት አስረክቦ ይቀራል። እናቶቻችን ዳኛ ሆነው ቢቀመጡ ሁሉም ለዋልተር ይፈርዱ ነበር። ሥራ አለው፣ አይሳደብም፣ የማን ልጅ እንደሆነም ይታወቃል። ማስነጠሱን ዳማከሴ ይጨርሰዋል።

ከሁሉም አብልጬ የማከብረው ግን በዕድሜ ትልቁን ነው። ፍራንክ ካፕራ በ1934 «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት»ን ሲሠራ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ክሎዴት ኮልቤር ከአባቷ መርከብ ላይ ዘላ ያመለጠች የባለጸጋ ልጅ ናት፤ ክላርክ ጌብል ደግሞ ከሥራው የተባረረ ጋዜጠኛ። ከፍሎሪዳ ወደ ኒውዮርክ በሚሄድ የሕዝብ አውቶቡስ ላይ ይገናኛሉ። ካፕራ ሀብቷን በንግግር ሳይሆን በመንገዱ ያራግፍላታል። ሻንጣዋ ይሰረቃል፣ ያለቻት ገንዘብ ታልቃለች፣ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ታድራለች፣ በመጨረሻም ከማሳ የተነቀለ ጥሬ ካሮት ትበላለች። መጀመሪያ ካሮቱን ሲሰጣት ፊቷን ታዞራለች፤ ረሃቡ ሲጠና ግን ራሷ አንስታ ትገምጠዋለች። ስለ መደብ ልዩነት ብዙ መጽሐፍ ከሚለው በላይ ያቺ አንዲት ካሮት ትናገራለች።

ገንዘቡም አልተረሳም። አባትየው ልጁን ላገኘለት ሰው 10 ሺህ ዶላር ሽልማት አውጇል። ጌብል መጨረሻ ላይ አባትየው ፊት ቀርቦ የጠየቀው ግን በመንገድ ላይ ያወጣውን ብቻ ነው፤ 39 ዶላር ከ60 ሳንቲም። ሒሳቡን ዘርዝሮ ጽፎ ይዟል። ሥራ አጥ ሰው ያንን ሁሉ ገንዘብ ትቶ የእጁን ወጪ ሲጠይቅ አባትየው አማቹን ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ተመልካቹም እንዲሁ፤ ከተመልካቹ ብዙው ያን ዓመት ኪሱ የሳሳ ነበር። ፊልሙ አምስቱን ዋና ዋና ኦስካሮች ጠርጎ ወሰደ፤ ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ተዋናይ፣ ተዋናይት እና ስክሪፕት። የሄደችው እሷ ናት፤ ከላይ ወደ ታች፣ በእግሯ፣ እየተራበች። ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ፊልሞች ሀብታሙን ካለበት አያነቃንቁትም፤ ድሃውን ልብስ ይቀይሩለታል እንጂ።

ልብስ ቅየራውን ደግሞ በርናርድ ሾው ገና በጠዋቱ ፈርቶት ነበር። «ፒግማሊየን» በተባለው ተውኔቱ አበባ ሻጯ ኤላይዛ የፕሮፌሰር ሂጊንስን ንግግር ተምራ ወይዘሮ ትመስላለች። ተመልካቹ ሁለቱን ካልዳራችሁ እያለ ሲያስቸግር ሾው በ1916 ረጅም ማብራሪያ ጻፈ፦ ኤላይዛ የምታገባው ፍሬዲን ነው፣ ሂጊንስን አይደለም፣ አበባ መሸጫም ትከፍታለች። ማን ሰምቶት! በ1964ቱ «ማይ ፌር ሌዲ» ኦድሪ ሄፕበርን ወደ ሂጊንስ ቤት ትመለሳለች፤ እሱም ከወንበሩ ሳይነሳ ነጠላ ጫማዬ የት አለ ይላታል። የ1990ው «ፕሪቲ ውማን»ም የዚሁ ዘመድ ነው። የመጀመሪያው ስክሪፕት «3000» የሚባል ጨለማ ታሪክ ነበር፤ ርዕሱ ሀብታሙ ሰውዬ ለሴተኛ አዳሪዋ ለሳምንቱ የሚከፍላት የገንዘብ መጠን ነው። መጨረሻው ላይ ሴቲቱን ከመኪናው አስወርዷት ይሄዳል። ስቱዲዮው ያንን ጥሎ ሪቻርድ ጊርን አበባ አስይዞ በሕንፃው የውጭ መሰላል አስወጣው። ከፍታ ስለሚፈራ መሥዋዕትነቱ እሱ መሆኑ ነው። ያዝናናል፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ ቁንጅና ደግሞ ባጭሩ፦ ሰነፉ፣ ያልተበጠረው፣ ሥራ ፈቱ ወንድ ባተሌዋንና ቆንጆዋን ሴት ያገኛል፤ ግልባጩን ግን ስንት ጊዜ አይታችኋል? የ2007ቱ «ኖክድ አፕ» ከዚህ ዓይነቱ በጣም የታወቀው ነው። ዋና ተዋናይቱ ካትሪን ሃይግል ራሷ ፊልሙ ለወንዶቹ ያዳላል የሚል ትችት በአደባባይ ሰንዝራ ብዙ ተወቅሳበታለች። እኔ ያለችው ልክ ነው ባይ ነኝ።

ቤተሰብ ሲገባበት ነገሩ ይከብዳል። እኛ ዘንድ የያላቻ ፍቅር ትልቁ ታሪክ ኮሜዲ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በእኛ አቆጣጠር በ1958 ባሳተሙት ልብ ወለድ የባላገሩ ልጅ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ወደደ፤ መጨረሻቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ተብሎ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። የዛሬዎቹ የአማርኛ አስቂኝ የፍቅር ፊልሞች ብዙ ጊዜ የሚከተሉት የሆሊዉድን መንገድ ነው። ልጁ ሀብታም መስሎ ይቀርባል፣ ውሸቱ ይጋለጣል፣ ይቅርታ፣ ሠርግ። ፊታውራሪ መሸሻን የሚያህል አባት የለባቸውም። አባት ቢኖርም ወይ ማሳቂያ ነው፣ ወይ ፊልሙ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ልቡ ይራራል።

«ጌስ ሁዝ ካሚንግ ቱ ዲነር» ያንን አባት በቁም ነገር ወስዶታል። ፊልሙ በታኅሣሥ 1967 ሲወጣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክሉትን የክፍላተ ሀገር ሕጎች ከሻረ ስድስት ወር ቢሆነው ነው። ጥቁሩ ሲድኒ ፖይቲየር የአንድ ነጭ ቤተሰብን ልጅ ሊያገባ ይመጣል። ሰውየው በዓለም የታወቀ ሐኪም ነው፤ ትሑት፣ ሥነ ሥርዓት ያለው፣ ሐዘን የደረሰበት። ልጅቷስ? የ23 ዓመት ፍልቅልቅ ልጅ ናት፤ ከዚያ ሌላ የሚነገርላት የለም። ይህ ሁሉ ማዕረግ ተይዞ እንኳ ሰውየው እሷ በሌለችበት ለወላጆቿ ሙሉ ፈቃዳችሁን ካልሰጣችሁ አላገባትም ይላቸዋል። ምርቃት የሚያከብር ሐበሻ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔም ነቅንቄያለሁ። ነገር ግን ለመመጣጠን አንዱ ወገን ይህን ያህል እንከን የለሽ መሆን ካለበት ሚዛኑ ቀድሞም የተዛባ ነው።

ወደ እኛ ቤት በጣም የቀረበው የ2002ቱ «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» ነው። ኒያ ቫርዳሎስ ጽፋ የተወነችበት ይህ ፊልም 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ360 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ቺካጎ የሚኖሩ የግሪክ ቤተሰብ ልጅ የሆነችው ቱላ ኢያን የሚባል አሜሪካዊ ትወዳለች። አክስቷ ኢያን ሥጋ እንደማይበላ ሲነገራቸው ይደነግጡና ችግር የለም፣ በግ እሠራለታለሁ ይላሉ። (በዚህስ እኛ እንበልጣቸዋለን። ሥጋ የማይበላ አማች ለጾም ቤት ጸጋ ነው፤ ሽሮው ተጥዶ ይጠብቀዋል።) ኢያን ያለ አንዳች ክርክር በግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ ጎልማሳ ሰው፣ በሕፃናት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ቆሞ ይጠመቃል። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ሆኖ ልጁን ለፈረንጅ የዳረ ቤተሰብ እዚህ ላይ የሚስቀው ሌላ ሳቅ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በቁርባን ለመጋባት ሁለቱም የእምነቱ ልጆች መሆን አለባቸውና የጥምቀቱ ጥያቄ ሽማግሌ ሳይላክ በፊት የሚነሳ ነው።

ኢያን ግን ምን ትቶ ሄደ? ፊልሙ አይጠይቅም። ወላጆቹ ሁለት ዝምተኛ ሰዎች ናቸው። ኬክ ይዘው ይመጣሉ፤ የቱላ እናት መሃሉ ቀዳዳ መሆኑ ግር ብሏቸው አበባ ይተክሉበታል። ወግ፣ ጸሎት፣ ዘመድ የሌለው ሰው ተደርጎ ስለተሳለ ሁሉን ሲተው ምንም ያጣ አይመስልም። አዲሶቹ ተጋቢዎች የሚገቡበት ቤት ደግሞ የአባቷ ስጦታ ነው፤ ከአባቷ ቤት አጠገብ! ሳቄ እዚህ ላይ ትንሽ ይቀዘቅዛል።

ከቅርቦቹ የምመርጠው የ2017ቱን «ዘ ቢግ ሲክ» ነው። ኩሜይል ናንጂያኒና ሚስቱ ኤሚሊ ጎርደን የራሳቸውን ታሪክ ጽፈው ለስክሪፕታቸው የኦስካር ዕጩ ሆነውበታል። እሱ ከፓኪስታን የመጡ ሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ነው። እናቱ በእራት ሰዓት እንደ አጋጣሚ ብቅ የሚሉ ልጃገረዶች ትጋብዝለታለች፤ እሱ ፎቶግራፎቻቸውን በሲጋር ሣጥን ውስጥ ያጠራቅማል። ኤሚሊ ሣጥኑን አገኘችው፤ ተጣሉ። ከዚያ እሷ በጽኑ ታማ ሰመመን ውስጥ ገባች። ብዙውን የፊልሙን ጊዜ ተኝታ ስለምታሳልፍ የሚላመዱት እሱና ወላጆቿ ናቸው። ከሣጥኑ ልጃገረዶች አንዷም በተራዋ ትናገራለች፤ እንዲህ መመላለሱ ሰልችቷታል፣ የሚገባትም ከዚህ የተሻለ ነው። ለባለ ፎቶግራፏ አፍ የሰጠ ሌላ ሮማንቲክ ኮሜዲ አላስታውስም።

መጨረሻው ላይ እልልታ የለም። ልጁ ወደ ኒውዮርክ ሲነሳ እናቱ ከመኪናው አልወርድም ብላ ትቀመጣለች፤ ለመንገዱ ግን ቢሪያኒ ሠርታለታለች። አልታረቀችም፣ አልጨከነችምም። ከላይ ከዘረዘርኳቸው ሁሉ እውነተኛዋ እናት ለእኔ እሷ ናት።

ከሁለት ሃይማኖት ወይም ከሁለት አገር ተጋብታችሁ የምትኖሩ ከዚህ ገጽ አንባቢዎች መካከል ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ማን ወደ ማን እንደሄደ፣ ወይም ሁለታችሁም መሃል ላይ ተገናኝታችሁ እንደሆነ፣ ስም ሳትጠሩ ከታች ጻፉልኝ። የሠርጉን ቀን ተዉት፤ ከሠርጉ ሦስት ዓመት በኋላ ያለውን ንገሩኝ።