ጠላ በጀሪካን፣ ጣርማ በርን ሲሻገር

የዛሬው ጨዋታችን መንገድም አለበት፣ መጠጥም አለበት። ከቤቱ የወጣ ጠላ ምን ይሆናል? ነገሩ ይኸው ነው። «ይህም ቁም ነገር ሆኖ በጋዜጣ ይጻፋል ወይ?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ቆዩኝማ! ለሰርግ፣ ለተዝካር ወይም ለማኅበር ብላችሁ ቤት የጠመቃችሁትን ጠላ ሌላ አገር ወስዳችሁ በእንግዳ ፊት አፍራችሁ ካልተመለሳችሁ በቀር ነገሩ አይገባችሁም። እኛ አፍረን ተመልሰናል።

በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ አጎቴ ሸዋ ሮቢት ላይ አረፉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ «ጉልበቴን ብርዱ በላው፣ ቆላው ይሻለኛል» ብለው ኑሯቸውን እዚያው አድርገው ነበር። የአርባ ቀናቸው ተዝካር ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዋለ። ታዲያ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው፣ ማለትም አክስቴ፣ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ የሚናገሩት አንድ ቃል ብቻ ሆነ። «የወንድሜን ተዝካር የማወጣው በእኔ ጠላ ነው!» ለካስ ሟቹ በሕይወት ሳሉ አዲስ አበባ በመጡ ቁጥር የእህታቸውን ጠላ እየጠጡ «ሌላው ሁሉ ውሃ ነው» ይሏቸው ነበር። እንዲህ የተባለች እህት ምን ታድርግ?

እኛ ልጆቹ ግን ዘመናዮች ነን። «እትዬ፣ ለምን ይደክማሉ? ድራፍት በበርሜል እናስመጣ። ከነማሽኑ ይመጣል፣ ቧንቧውን መክፈት ብቻ ነው» ብንላቸው በዓይናቸው ገላመጡን። «ለወንድሜ የፋብሪካ?» አሉ። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

እንግዲህ የድራፍቱ በርሜልና የአክስቴ ጀሪካን ልዩነታቸው ምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ውርደት በኋላ ነው። የፋብሪካው ቢራ ተጣርቶ፣ እርሾው ወጥቶለት ወደ ብረት በርሜል ስለሚገባ ዝም ብሎ ይጓዛል። ከበርሜሉ ገፍቶ የሚያወጣውም ከጎኑ የሚቆመው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ነው። ጠላ ግን ሕይወት አለው። እርሾው የብቅሉን ስኳር እየበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል፤ መኪና ላይ ተጫንኩ ብሎ ሥራውን አያቆምም። ሲሊንደሩን በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው ማለት ነው!

አክስቴ በሙያቸው እንከን አይወጣላቸውም። ጌሾውን ወቅጠው ከብቅሉ ጋር ጠነሰሱ፤ የገብሱን አሻሮ አስፈጭተው በምጣድ ላይ እንኩሮ አደረጉ፤ ድፍድፉን ከድነው አቆዩና ውሃ ጨመሩበት። ሲደርስላቸው በነጭ ሻሽ አጥልለው ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞሉ። ያውም እስከ አፍ ገደፉ! የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነበር፤ ግን ማን አወቀ?

አርብ ጠዋት ቅጥቅጥ ተከራይተን ወጣን። ረዳቱ ጀሪካኖቹን ፖርቶመጋላ ላይ ሊሰቅል ሲል አክስቴ «ፀሐይ ሊመታብኝ!» ብለው ከኋላ ወንበር፣ ከእግራችን ሥር አስገቧቸው። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን አልፈን ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ ለመብላት ወረድን። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ግድም መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ የነሐሴ ብርዷ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ስንደርስ የጀሪካኖቹ ጎን ነፋ ነፋ ብሏል። ከፍታ ሲጨምር የውጪው አየር ይሳሳላ! የውስጡ ጋዝ ደግሞ ይገፋል። አክስቴ ክዳኑን ላላ አድርገው በጨርቅ አስረውት ስለነበር ጠላው በክዳኑ ሥር እየተንጠባጠበ ይተነፍሳል።

ረዳቱ ይህን ሲያይ ጮኸ። «ኧረ መኪናውን አበላሻችሁት! ጌሾ ጌሾ ሸተተኮ!» አለና ሦስቱንም ክዳን በሙሉ ጉልበቱ ጠምዝዞ አጠበቀ። እኛስ? አይተን ዝም አልን። እንዲያውም አመሰገንነው።

ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያለውን አገር ያላያችሁ ብታዩት ደስ ይላችኋል። ገብስና በግ ነው፣ የድንጋይ አጥርና ነፋስ ነው። ጣርማ በር ሲደረስ ግን ደጋው በድንገት ያልቅና ከፊት ገደል ብቻ ይሆናል። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ቦታው። በክረምት ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ አስፋልቱን ይውጠዋል፤ ሾፌሮች በጠራራ ቀን መብራት አብርተው በዳዴ ይሄዳሉ። እዚያ ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ አለ። በአንዱ አፍ ከደጋ ገብታችሁ በሌላው አፍ ወደ ቆላው መውረጃ ትወጣላችሁ።

እኛም ገባን። ጨለመ። መሃል ላይ ስንደርስ… ቧ!

ሾፌሩ «ጎማ!» ብሎ ፍሬን ያዘ። ሴቶቹ «በስመ አብ!» አሉ። አንዱ የአጎቴ ልጅ ዋሻው የተናደ መስሎት ከወንበር ሥር ገባ። አንድ ቀዝቃዛ ነገር ከአንገቴ ወደ ጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ደም ነው ብዬ ነበር። በሌላው በኩል ወደ ብርሃን ስንወጣ ነው ጉዱ የታየው። አንደኛው ጀሪካን ከጎኑ ተሰንጥቋል፣ የሐዘኑ ነጠላ ሁሉ ቡናማ ሆኗል፣ ጣሪያው ይንጠባጠባል። አክስቴ አልጮኹም። የተሰነጠቀውን ጀሪካን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ከሥሩ የሚያፈሰውን በመዳፋቸው ይዘው ተቀመጡ። ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ሲከቡት ሽታው አሳቃቸው። «ሰርገኞች ናችሁ እንዴ?» አሉን።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ሹራብ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም ላይ፣ ሮቢ ወንዝ ዳር ትጠብቃለች። ሙቀት እርሾን ያነቃዋል፤ ቀኑን ሙሉ የተናጠው አተላም ተነሥቶ ከላዩ ጋር ተደባልቋል። የተረፉትን ሁለት ጀሪካኖች ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ ክዳናቸውን ከፍተን አሳደርናቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስህተት! በማግስቱ ጠላው ደፍርሶ፣ ኮምጥጦ ጠበቀን።

እንደ ወጉ ቀጂ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። አክስቴ ከድንኳኑ ጥግ ቀመሱ። ፊታቸውን አየሁት። ግን ጆጉን ይዘው ወጡ፤ ለወንድማቸው ያሉትን ለማን ይተዉት? እንግዳውም ጨዋ ነው፤ አንድም ሰው እምቢ አላለም። ሁሉም ተቀበለ፣ «ነፍስ ይማር» አለ፣ አንድ ጊዜ ፉት አለና ብርጭቆውን ከእግሩ አጠገብ አስቀመጠ። ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው ሲነሡ ድንኳኑ ውስጥ የቀረው ሙሉ ብርጭቆ ነበር። አክስቴ አንድ በአንድ እየለቀሙ ወደ ባልዲ ገለበጡት።

የዕለቱን ገመና የሸፈኑት ጎረቤት ሴትዮ ናቸው። የማሽላ ጠላ ነበራቸው፤ አምጥተው ቀዱ። ማታ ሰው ሲበተን አክስቴ አጠገብ ተቀመጡና በለሆሳስ «እትዬ፣ ጠላዎ ጥፋት የለበትም። ደጋ ተጠምቆ፣ ደጋ ደርሶ ነው የመጣው። ድፍድፉን ይዘውልን ቢመጡ ኖሮ ውሃውን እኛ እንሰጥዎ አልነበረም?» አሏቸው። አክስቴ መልስ አልሰጡም። በመንገድ ሁሉ ኩርፊያ! «የቆላ ሴት ጠላ ልታስተምረኝ!» ሲሉ የሰማሁት ከወር በኋላ ነው።

በዓመቱ፣ ሐምሌ 2004፣ ለሙት ዓመቱ ስንዘጋጅ ግን ማንንም ሳያማክሩ አራት ቀን ቀድመው ብቻቸውን ተሳፈሩ። የያዙት ሁለት ክዳን ያለው ባልዲ ድፍድፍ ነው፤ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሞልተው፣ አፉን በጨርቅ ሸፍነው ክዳኑን ጣል አድርገውበታል። ድፍድፍ ወፍራም ነው፤ መንገድ ቢንጠው የሚደፈርስ ነገር የለውም፣ ያበጠውም በጨርቁ ይተነፍሳል። ክብደቱም ቢሆን ያው ውሃው የለበትም። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ቀጥታ የሄዱት ወደዚያች ጎረቤት ቤት ነው። ጋን ተዋሱ። ጋኑ በግራዋ ታጠበ፣ በወይራ ታጠነ፣ ማቶቱ ላይ ተቀመጠ፣ የአገሩ ውሃ ተጨመረበት። ጉለሌ ቢሆን ቀናት የሚፈልገው በዚያ ሙቀት በሁለት ቀን ደረሰ። ጋኑን ከዚያ በኋላ ማንም አላነቃነቀውም፤ አተላው ከሥሩ ተኛ፣ ጠላው ከላይ ጠራ። የተከፈተውም ተዝካሩ ዕለት ጠዋት ነው።

እናንተም መንገደኞች ከሆናችሁ ይህንን መንገድ ምረጡ። ችግሩ ጊዜ መፈለጉ ነው፤ ሰው ቀድሞ ሄዶ መክረም አለበት፣ የሚያበድር ጋንና የሚያበድር ጎረቤትም ይሻል። ይህ ከሌላችሁና የግድ የደረሰ ጠላ መጫን ካለባችሁ፣ ጀሪካኑን ሩብ ያህል አጉድሉለት፣ ክዳኑን በፍጹም አታጥብቁ፣ በየከተማው ስትቆሙ አስተንፍሱት። እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ዘይት የነበረበት ጀሪካን አረፋውን ይገድልባችኋል፤ ነጭ ጋዝ የነበረበትንማ አታስቡት። ስትደርሱ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና እስኪጠራ አትንኩት። እኔ የእጅ መታጠቢያ የሚደረገውን ባለ ቧንቧ ጀሪካን ሞክሬዋለሁ። ቧንቧው ከአተላው ከፍ ብሎ ስለሚገጠም ጥሩ ነው፤ ጠላው በደንብ ካልተጠለለ ግን የጌሾ ስባሪ ይወትፈዋል። ያን ጊዜ በስንጥር መጎርጎር ነው! በሃይላንድ ጠርሙስ ጠርቅሞ ዘግቶ መላክንስ ተዉት፤ ዋሻውን አስታውሱ።

ሙት ዓመቱ ዕለት አክስቴ ከጋኑ የመጀመሪያውን ቀድተው እንደ ወጉ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ። ቀመሱ። ዝም አሉ። ቀጥለው የጎረቤታቸውን እጅ ይዘው እዚያ መዳፍ ላይም ጠብ አደረጉላቸው። እሳቸውም ቀምሰው «እንዴ! ይኼማ የኛ አገር ጠላ ነው» አሉ። «የምን ያንቺ አገር? የጉለሌ ነው!» አሉ አክስቴ። ሁለቱ ሲከራከሩ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው «ኧረ ቀጂ ጠፋ!» እያለ ባዶ ብርጭቆ ያነሣ ነበር።