በነፃ የሚታደርበት አውሮፓ

አውሮፓን ለማየት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያሳስበው የአውሮፕላን ትኬት ነው። ኪሱን የሚያራቁተው ግን አልጋ ነው። ትኬት አንዴ ተከፍሎ ያልቃል፤ አልጋ በመሸ ቁጥር ይከፈላል። ለዚህም ነው እዚያ ያለው ወጣት ሆቴሉን ትቶ ስምንትና አሥር ሰው በተደራራቢ አልጋ የሚያድርበትን ሆስቴል፣ ካልሆነም ድንኳን የሚመርጠው።

ሆስቴል የአንድ መምህር ሐሳብ ነው። በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ኃይለኛ ዝናብ ያዛቸውና አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ገብተው ጭድ ላይ አደሩ። ትምህርት ቤቶች ለዕረፍት ሲዘጉ ለምን የመንገደኛ ማደሪያ አይሆኑም የሚለው ሐሳብ የመጣለት ያን ጊዜ ነው። በ1912 አልቴና በሚገኝ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ሆስቴል ተከፈተ። ዛሬ ብዙው ወደ ንግድ ዞሯል፤ በበጋ ቅዳሜና እሁድ የአንዳንዱ ዋጋ ከርካሽ ሆቴል አይተናነስም።

ድንኳኑ ግን አሁንም በነፃ የሚተከልበት ቦታ አለ፤ ያውም በሕግ። ኖርዌይ በ1957 ባወጣችው ሕግ መንገደኛ ባልታረሰ መሬት ላይ፣ መሬቱ የሌላ ሰው ቢሆንም፣ ድንኳን ተክሎ ማደር ይችላል። ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለበት። ከሁለት ቀን በላይ ለመቆየት ከፈለገ፣ ከመንደር በጣም የራቀ ቦታ ካልሆነ በቀር፣ ባለቤቱን ያስፈቅዳል። ስዊድንም ተፈጥሮ ለሁሉም ክፍት ነው የሚለውን የቆየ ልማዷን በ1994 በሕገ መንግሥቷ አስፍራዋለች። መብቱ የዜጋና የባዕድ ብሎ አይለይም። ኦስሎ የሚኖር ሐበሻ ከተወላጁ እኩል ድንኳኑን ይተክላል። "ቤት ለእንግዳ" ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ነገሩ ብዙም አይገርምም፤ የሚገርመው በአንቀጽ መጻፉ ነው።

እንግሊዝ ዘንድ ግን ወሬው ሌላ ነው። እዚያ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ድንኳን መትከል ክልክል ሲሆን፣ ዳርትሙር የተባለው ሰፊ ደጋ ብቻ የተለየ ነበር። ባልና ሚስት ባለ ርስቶች ይህችንም ለማስቀረት ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክሩ የዞረው በአንድ ሐረግ ላይ ነው። የ1985ቱ የአካባቢው ሕግ ሕዝቡ ደጅ ለመዝናናት በእግርና በፈረስ መግባት ይችላል ይላል። ታዲያ መተኛት መዝናናት ነው ወይ? በጥር 2023 ዳኛው አይደለም አሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የይግባኝ ችሎቱ ውሳኔውን ሻረው። በግንቦት 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ድንኳን ተክሎ ማደርም መዝናናት ነው ሲል ለመንገደኛው ፈረደ። ይህ ሁሉ ለአንዲት ድንኳን! ሆኖም ርካሽ ሌሊት እዚያም ቢሆን የሚሟገትለት ካጣ እንደሚቀር ያሳያል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። የሸንገን ቪዛ አመልካች 90 ዩሮ ከፍሎ የሚያድርበትን ቦታ፣ ወይም ለማደሪያው የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኢትዮጵያ ተመላሽ ዜጎቿን በመቀበል አልተባበረችም በሚል ደንቡን አጠበቀ። 15 ቀን የነበረው የማመልከቻ ጊዜ 45 ሆነ፣ ለብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ቀረ፣ አገሮቹም አንዳንድ ሰነዶችን በአስተያየት መተው ተከለከሉ። "ጫካ ውስጥ፣ ከቤት 150 ሜትር ርቄ አድራለሁ" የሚል ማመልከቻ የትኛውን የቪዛ ሠራተኛ ያሳምናል? በነፃ ማደር የተፈቀደበት አገር ለመግባት አልጋ መያዝ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ብዙው አመልካች ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ሆቴል ይይዛል፣ ወረቀቱን አትሞ ያስገባል፣ ከዚያ ውሳኔውን ይጠብቃል፤ የሆቴሉ የመሰረዣ ቀን ከቪዛው መልስ ቀድሞ እንዳይደርስ እየቆጠረ።