ተረቴን መልሱ፤ ስሜንም አትርሱ

ልጅ ሆናችሁ ማታ ማታ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጣችሁ ተረት ያልሰማችሁ ጥቂት ናችሁ ብዬ እገምታለሁ። እኔ ያደግሁት በአንኮበር ወረዳ፣ ከጎረቤላ ገበያ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። የአገሩን ብርድ ታውቁታላችሁ። እናቴ እንዝርቷን እያሾረች የበግ ፀጉር ስትፈትል፣ እኛ ልጆች የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን «ተረት ተረት» ስትለን «የመሠረት» እያልን እንቀበላት ነበር። ስትጨርስም እንደ ማንኛውም ተረት ነጋሪ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትለናለች። ያን ጊዜ የዚህን አባባል ትርጉም አላስተዋልሁትም ነበር።

ከተረቶቿ ሁሉ አብልጬ የምወደው፣ ጅብ ብርድ ቢያንዘፈዝፈው ባና ሊገዛ ወደ ጎረቤላ ገበያ የሄደበትን ነው። ጅቡ ገንዘብ ስለሌለው በመንገድ ላይ ያገኛትን በግ ሊገፍፍ ይነሣል። በጓም «ፀጉሬን ከፈለግህ ሸልት፤ ነገ ተመልሶ ይበቅላል። ቆዳዬን ከገፈፍህ ግን ለአንተም ለእኔም አይሆንም» ትለዋለች። ይህን ንግግር ከእናቴ በቀር ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ አንድ እንግዳ ቴፕ ይዞ ወደ መንደራችን መጣ። እናቴ ጠላ ቀድታ፣ ቆሎ አቅርባ ሁለት ምሽት ሙሉ ተረት ነገረችው። እሱም አመስግኖ ሄደ። ዓመታት አለፉ። እኔም ትዳር ይዤ ደብረ ብርሃን ገብቼ በፋብሪካ ሥራ እንደተሰማራሁ፣ አንድ ቀን ለልጄ የተረት መጽሐፍ ገዛሁ። ገልጬ ሳነብ የእናቴ በግ ቃል በቃል ስትናገር አገኘኋት! ጎረቤላ ግን «አንድ ገበያ» ተብላለች፤ የእናቴም ስም የለም። በመጽሐፉ ጀርባ «ያለ ደራሲው ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው» ይላል። የመጽሐፉን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ የእናቴን ተረት ለልጅ ልጆቿ ለማባዛት የማላውቀውን ሰው ላስፈቅድ ነው?

ከዚያ ወዲህ ንፉግ ሆንሁ። የቀሩትን ተረቶች በደብተር ጽፌ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁባቸው። ጎረቤቴ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት። «እትዬ፣ ለልጆቹ የማነብላቸው አጥቻለሁና እባክዎ ደብተሩን ያውሱኝ» ብትለኝ፣ «የት እንዳስቀመጥሁት ጠፋኝ» ብዬ ዋሸኋት።

ባለፈው ክረምት ግን አንድ ነገር ደረሰ። እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ትኖራለች። የጅቡን ተረት ለልጄ ስትነግር መሐል ላይ ድንገት ዝም አለች። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ «በጓ ምን ነበር ያለችው፣ ልጄ?» አለችኝ። ደንግጬ ሣጥኑን ብከፍት የደብተሩን ጠርዝ አይጥ በልታዋለች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ታዲያ ጽሑፉንስ ከቆለፉበት ማን ይወርሰዋል?

በማግሥቱ ወደ መምህርቷ ሄጄ እውነቱን ነገርኋት። እሷም ሳትቀየመኝ፣ በጥቂት ወረቀት የታተመ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች ተረት አሳየችኝ። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» በሚል ስም በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ነው። በልዩ ልዩ የአፍሪካ ቋንቋዎች የተዘጋጁ የልጆች ተረቶችን ማንም ሰው በነፃ እንዲያነብባቸው፣ እንዲያባዛቸውና እንዲተረጉማቸው ያቀርባል። በጀርባው ላይ የጸሐፊው፣ የሠዓሊውና የተርጓሚው ስም ተጽፏል፤ ከሥሩም «ስማችንን ጠቅሳችሁ አባዙት» የሚል መልእክት ያለው ፈቃድ አለ። ይህ ክፍት ፈቃድ ይባላል። ዓለም በስፋት የሚጠቀምበትን ዓይነት ያወጣው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለ በአሜሪካ የተቋቋመ ድርጅት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች የወጡት በታኅሣሥ ወር 1995 ዓ.ም. ነው።

ነገሩ ከሕጋችን ጋር አይጣላም። የቅጂ መብትና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው፣ የድርሰት ባለቤት መብቱን የሚያገኘው ሥራውን ሲያዘጋጅ ነው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ አንዲት እናት ተረት በራሷ አገላለጽ ጽፋ ምንም ፈቃድ ሳትተው ብትሞት፣ መምህሩም አሳታሚውም ለማባዛት ይቸገራል። ክፍት ፈቃድ የሚሰጥ ሰው መብቱን አይጥልም፤ የቱን እንደፈቀደ አስቀድሞ በጽሑፍ ይናገራል እንጂ። ከሚመርጣቸው ግዴታዎች ውስጥ ስሜን ጥቀሱ፣ ለንግድ አታውሉት፣ አትለውጡት፣ ለውጣችሁ ብታወጡትም በዚሁ ፈቃድ አውጡት የሚሉት ይገኛሉ።

«ታዲያ በር ከፍቶ መስጠት ንብረትን ማስዘረፍ አይሆንም?» ብዬ መጠየቄ አልቀረም። በየቀኑ የምንጋግረው የጤፍ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር፤ በሔግ የሚገኝ ፍርድ ቤት በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ በዚያ አገር ሻረው። የዱቄትና የድርሰት ሕግ የተለያየ ቢሆንም፣ እኔ የተማርሁት ይህን ነው፤ የማን እንደሆነ በግልጽ ያልተነገረለትን ነገር ሌላው ቀድሞ «የእኔ ነው» ሊል ይችላል። እናቴንም የጎዳት መስጠቷ አይደለም፤ ስሟ መቅረቱ ነው።

ውሳኔው ግን የእኔ ብቻ ስላልሆነ እናቴን ጠየቅኋት። «ተረት ቢደብቁት ምን ይጠቅማል? ልጆቹ ይስሙት። የአንኮበር መሆኑን ግን ይናገሩ። እኔም ከእናቴ ነው የሰማሁት፤ የእሷንም ስም ጻፊልኝ» አለችኝ።

እኅቶቼ፣ እናንተም የምታካፍሉት አይጠፋችሁም። ተረት፣ የጥልፍ ንድፍ፣ የወጥ አሠራር፣ ራሳችሁ ያነሣችሁት ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ሆኖም ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ የሌላ ሰው ሥራ የእናንተ አይደለምና ፈቃድ አትስጡበት። የጥንቱ ተረት የሁላችን ነው፤ ልትፈቅዱ የምትችሉት እናንተ የጻፋችሁበትን አገላለጽ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ክፍት ፈቃድ አንዴ ከሰጡት በኋላ ሥራውን ከተቀበሉት ሰዎች አይነጠቅምና ከቤተሰብ ጋር ተመካከሩ። ሦስተኛ፣ ከአረጋውያን ስትቀዱ የነገራችሁን ሰው ስምና አገር መጻፍን አትርሱ። ዳቦው ይህ ነው።

ደብተሩ አሁን በመምህርቷ እጅ ነው፤ ልጆቹም እየተቀባበሉ ይገለብጡታል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእናቴንና የአያቴን ስም ከነአገራቸው ካሰፈርሁ በኋላ ይህን ጻፍሁ፦ «ይህን ተረት አንብቡት፣ አባዙት፣ ተርጉሙት፤ የነገሩንን ሰዎች ስምና አንኮበርን ግን ጥቀሱ።» ለእናቴ ሳነብላት በጥሞና ሰማችና «በጓም ያለችው ይህንኑ ነበር» አለች።